የአያ ባዬ ጉልበት

ባለፈው ታኅሣሥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስሄድ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ወረታ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪያስጠግን ድረስ እግሬን ላፍታታ ብዬ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ ብቅ ስል ሁለት ጎረምሶች ገለባ አንድደው እርጥብ የወይራ እንጨት ይለበልባሉ። አንዱ ጫፉን እሳቱ ላይ ያገላብጣል፤ ሌላው የጋለውን ጫፍ ሁለት ድንጋይ መካከል ሰክቶ ያጎብጠዋል። የገና ዱላ እየሠሩ ነው። የሩዝ ገለባ ጭስ ጉሮሮ ይይዛል፤ የወይራው ውሃ ሲንጨረጨር ደግሞ መረር ብሎ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል።

«እታለም፣ የጠፋሽ ነገር አለ?» አለኝ አንደኛው።

«የለም፤ ዝም ብዬ ነው» አልሁት።

ልጁ ምን ያውቃል። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ዘጠኝ ዓመቴ ሆነ።

የኛ ቤት ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ ሲወረድ ሜዳው መካከል ነበር። ክረምት ውሃው እስከ ደጃፋችን ይመጣል፤ መስከረም ሲጠባ ይሸሻል፤ ከዚያ ሩዙ ይደርሳል፣ ይታጨዳል። ነዶው ተነሥቶ ሜዳው ሲራቆት የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ገና ይዞራል። አገሩ በአንዲት ቦይ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከቦዩ በላይ ያለነው ላይ ቤት፣ ከቦዩ በታች ያሉት ታች ቤት። ዓመቱን ሙሉ በደቦ አብረን እናጭዳለን፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ እንጋባለን። በገና ዕለት ግን የታች ቤት ሰው የእናትሽ ወንድም ቢሆን እንኳ ባላጋራሽ ነው።

አባቴ መኳንንት የላይ ቤት አለቃ ነበር። በጉብዝናው ሲጫወት እኔ አልደረስሁም፤ የሰማሁትን ነው የምናገር። ከእንጨት ጉጥ የተጠረበችውን ጥንግ ገና ከአየር ሳትወርድ መትቶ የማዶውን ድንበር ያሻግራት ነበር አሉ። «መኳንንት ሜዳ ከገባ ታች ቤቶች ከብታቸውን ይዘው ይግቡ» ይባል ነበር። ከዚያ በአንድ ገና ዕለት ዱላውን ይዞ ወደ ቤት ገባ፤ ሁለተኛ አልተጫወተም። በዓመቱ የላይ ቤት ልጆችን ማሠልጠን ጀመረ።

ሲያሠለጥን ግን አይቸዋለሁ። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ፣ ጎረምሶቹን ሰብስቦ ውሃው ያልደረቀ ማሳ ውስጥ ያስሮጣቸዋል። ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲይዛቸው «እግርህን አትለምነው፤ ንቀለው!» ይላል። ጥንጓን በገመድ ከዋርካው ቅርንጫፍ አንጠልጥሎ በግራ እጃቸው ያስመታቸዋል። የማይለወጥ ሕግ ነበረው፤ ዱላውን ከትከሻው በላይ ያነሣ ልጅ ከሜዳ ይወጣል። ልመና የለም፣ አማላጅ የለም። ታላቅ ወንድሜን አንተነህን እንኳ፣ ከሁሉም የሚበልጠውን፣ አንድ ቀን በዚሁ ነገር አስወጥቶት ልጁ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሲያለቅስ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስማለኝ።

አባቴ ለምን ጨዋታውን እንደተወ የሰማሁት ወንዝ ዳር ነው። ሴቶቹ ልብስ እያጠቡ ሲያወሩ አንዷ «መኳንንት እኮ የባዬን ጉልበት የወሰደ ሰው ነው» አለች። ሌሎቹ ወደ እኔ አይተው ወሬውን ወደ ገበያ መለሱት።

አያ ባዬን አውቃቸዋለሁ። የታች ቤት ሰው ናቸው፤ ዱላ ተመርኩዘው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱ። እንግዲህ አባቴ ጉልበታቸውን ወስዶታል። ታዲያ የት አስቀመጠው? ይህ ጥያቄ ብዙ ቀን አላስተኛኝም። አባቴ ውድ ነገር የሚያስቀምጥባቸውን ቦታዎች ሁሉ ፈተሽሁ። የጎታውን አፍ ከፍቼ እጄን እስከ ብብቴ ሰደድሁ። የዘር ሩዙን ቅል ገለበጥሁ። በመጨረሻ ቆጡ ላይ ወጥቼ ከጭድ ሥር በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ጠንካራ ነው፤ ጫፉ ላይ ቆልመም ያለ እብጠት አለው። ጉልበቱ ይኸ ነው አልሁ። እንደ ምንም ገልጬ ሳየው የገና ዱላ ነው፤ የጠቆረ፣ እጀታው በብዙ ላብ የለሰለሰ፣ ቆልማማው ጫፍ ላይ የተሰነጠቀ መስመር ያለበት። እንደነበረ ጠቅልዬ መለስሁት። ጉልበቱን ሌላ ቦታ ደብቆታል ማለት ነው።

የዚያ ዓመት ወሬ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ሸክሟን እንኳ ሳታወርድ፦

«ምስጋናው ዘንድሮ ይገባል አሉ» አለች።

ምስጋናው የአያ ባዬ ልጅ ነው። የአንተነህ እኩያ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ልጅ።

«ይግባ። ደርሷል» አለ አባቴ።

«ያ ልጅ አባቱ ሲያነክስ እያየ ነው ያደገ። አንተነህን ምን ሊያደርገው እንደሚችል አይታይህም?»

«ገና ጨዋታ ነው፣ እናኑ።»

«አዎ፤ ጨዋታ ነው! ለዚያ አይደል የምፈራ? በሌላ ቀን ቢመታው ሽማግሌ አለ፣ ዳኛ አለ። በገና ዕለት ቢሰብረው ማን ይጠይቀዋል? አንተንስ ማን ጠየቀህ?»

አባቴ የያዘውን ማጭድ ጣራው ላይ ሰክቶ ወጣ። እናቴ ሸክሟን እንደተሸከመች ደጃፉ ላይ ቀረች። ገናን ባሰብሁ ቁጥር የማየው ልጆቹ ሲሮጡ ሳይሆን እናቴ እዚያ በር ላይ ስትቆም ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ቀነሰ። እናቴ «ዘንድሮ ይቅርብህ» እያለች አንተነህን ትለምነዋለች፤ እሱ ደግሞ «ፈራ ልባል ነው?» ይላታል። ማታ ማታ ዱላውን በቅቤ ሲወለውል ታየዋለች፤ ፊቷን ታዞራለች።

አያ ባዬ ወደኛ የመጡት ሩዝ ስንወቃ ነው። እኔ አውድማው ዳር የተበተነውን ዘለላ እለቅማለሁ። ከሩቅ ዱላቸውን አየሁ፤ ቀጥሎ እሳቸውን። ከወንዛዬ ፍል ውሃ መመለሳቸው ነበር፤ በየዓመቱ ጉልበታቸውን ሊያስነክሩ ይሄዳሉ። አባቴ በሬዎቹን አቆመ። ከዚያ በፊት አያ ባዬ ወደ አውድማችን መጥተው አያውቁም።

አባቴ ነዶ ላይ አስቀመጣቸው። እኔ ዓይኔን ከእግራቸው መንቀል አልቻልሁም። እሳቸውም አዩኝና ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

«ይኸውልሽ፣ እይው» አሉኝ።

ጉልበት አላቸው! ጠማማ ነው፤ አንዱ ጎኑ ገባ ብሏል፤ በፍል ውሃው የቀላ ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ግን እዚያው ነው። ያን ሁሉ ቀን ቤታችንን ያመስሁት በከንቱ ነው። እፎይ ማለት ሲገባኝ ይበልጥ ፈራሁ። ጉልበቱ እዚያው ካለ አባቴ የወሰደው ምንድን ነው?

«የሺ፣ ለበሬዎቹ ውሃ አምጪ» አለ አባቴ።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ሁለቱ ከክምሩ ጥግ ቆመው ነበር። አያ ባዬ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ አባቴ፣ በላይ ቤት ጎረምሳ ሁሉ ላይ የሚጮኸው አባቴ፣ መሬት መሬቱን ያያል። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያ ባዬ ሊሄዱ ሲሉ «ዕዳ አለብህ አልልህም፤ ልጄን ግን ላንተ ሰጥቻለሁ» አሉት።

ልጅ መስጠት ምን እንደሆነ አሰብሁ። ልጅን ለጋብቻ ይሰጣሉ፤ ለቆሎ ተማሪነት ይሰጣሉ። ለባላጋራ ልጅ ሲሰጥ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አባቴ «ይፋግ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ማለት አበዛ። ሲመለስ ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፤ እጁ ባዶ ነው። የይፋግ መንገድ አቧራ እግር እስከ ጉልበት እንደሚያለብስ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የአባቴ እግር ግን ንጹሕ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ የታጨደ ሩዝ ጉቶ እንደቧጠጠው ጭረት በጭረት ሆኗል። እናቴ እግሩን ስታጥበው ጭረቱን አየችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጥጃችን ጠፋችና ልፈልጋት ወደ ወንዙ ወረድሁ። ከወንዙ ዳር ትልልቅ የጭድ ክምር አለ። ከክምሩ ጀርባ የእንጨት ድምፅ ሰማሁ፤ ቋ፣ ቋ። ጥጃዋን የሚመታ ሰው መሰለኝ። በጭዱ ጥግ አጮልቄ አየሁ።

አባቴ ነው። ከፊቱ የቆመው ምስጋናው ነው። በምስጋናው እጅ ያለው ደግሞ ያ ከቆጡ ላይ ያየሁት ጥቁር ዱላ።

አባቴ ሌላ ዱላ ይዞ ከትከሻው በላይ አነሣ። ከትከሻው በላይ! ልጆቹን የሚያስወጣበትን ነገር ራሱ አደረገው። «ግባ! ግባበት!» እያለ ይጮሃል። ምስጋናው ወደ ፊት ይዘላል። «አይደለም፤ ዘገየህ፤ እንደገና!» ከዚያ አባቴ በርከክ ብሎ የልጁን ጉልበት በእጁ ያዘ። «እዚህ ላይ» አለው። «የምትሰብረው እዚህ ላይ ነው።» የዱላውን ቆልማማ ጫፍ በዝግታ አምጥቶ ጉልበቱ ጎን ላይ አሳረፈው።

ጥጃዋን ትቼ ሮጥሁ። እሷ በራሷ ጊዜ ቤት ገብታ ቆየችኝ።

ስንት ቀን ይዤው እንደዋልሁ አላስታውስም። ጾም ስለሆነ እናቴ አለመብላቴን በጾም አመካኘችው። አባቴን ማየት ፈራሁ። እግዜር ይይልኝ፣ የገዛ ልጁን ጉልበት ለሰው አሳልፎ ሊሰጥ ነው ብዬ አመንሁ። አንድ ጉልበት ወስዷል፤ አንድ ጉልበት ሊከፍል ነው። ለልጅ አእምሮ ይህ ሒሳብ በጣም የተስተካከለ ነው።

በገና ዋዜማ አንተነህ ደጅ ላይ ዱላውን ገለባ እሳት ላይ ሲያጠነክር ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ወይራው ይንጨረጨራል።

«አንቱዬ፣ ነገ አትጫወት።»

«እናቴ ናት የላከችሽ?»

«አይደለችም። አባዬ ምስጋናውን እያስተማረው ነው። አይቻቸዋለሁ። አሮጌ ዱላውን ሰጥቶታል። ጉልበትህን የት ላይ እንደሚሰብረው አሳይቶታል።»

ዱላው እሳቱ ውስጥ ቆየ። ጫፉ መጥቆር ሲጀምር ነው ያወጣው።

«የት ላይ እንደሚሰብረኝ ነገረው?»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። ዋርካው ሥር ካስማለኝ ጊዜ የተለየ ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ለራሱ ፈርቶ ነው፤ አሁን እኔ እሱን ፈራሁት።

የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሜዳውን ሞላው። የታጨደው ማሳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ እግሬ ይገባል። ላይ ቤቶች በዋርካው በኩል፣ ታች ቤቶች በወንዙ በኩል ተሰለፉ። መምሬ ተገኘ መስቀላቸውን ይዘው መካከል ገቡ።

«በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም» አሉ። «የተመታ ቂም አይያዝ፤ የመታም አይጠየቅ። እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው!» አለ ሰው ሁሉ። የአንተነህ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

እናቴ አልመጣችም ነበር። አያ ባዬ ከወንዙ በኩል ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል፤ አልተቀመጡም። አባቴ በኛ ድንበር ላይ ነው፤ ነጠላውን ወገቡ ላይ አጥብቆ አስሮታል።

ጥንጓ ወደቀች፤ ጨዋታው ተጀመረ። እንዴት እንደሄደ ሁሉንም መናገር አልችልም፤ እኔ የማየው ወንድሜን ብቻ ነው። አንተነህ ጥንጓን ትቷታል። ጥንጓ ወደ ዋርካው ስትሄድ እሱ ወደ ወንዙ፤ ጥንጓ ወደ ቀኝ ስትሄድ እሱ ወደ ግራ። ምስጋናው ባለበት ሁሉ እሱ አለ። ጓደኞቹ «አንተነህ! ወዲህ! ምን ሆነሃል?» ይላሉ። አባቴም ገባው መሰለኝ፤ ከድንበሩ ተነቅሎ በሜዳው ዳር ዳር መሄድ ጀመረ፤ ቀጥሎ ፈጠን አለ፤ ቀጥሎ ሮጠ።

ጥንጓ ተንከባልላ ምስጋናው እግር ሥር መጣች። ምስጋናው ጎንበስ አለ። አንተነህ ከጎኑ ደረሰና ዱላውን አነሣ፤ ከትከሻው በላይ፣ ከራሱ በላይ። ዓይኑ ጥንጓ ላይ አልነበረም።

«አንተነህ!» አለ አባቴ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊትም በኋላም ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

ምስጋናው ቀና አለ፤ ዱላውን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር። እሱ ወደ ፊት ዘለለ። ዱላው ሲወርድ ምስጋናው የወንድሜ ደረት ሥር ገብቶ ነበር፤ ቆልማማው ጫፍ ባዶ አየር መታ፤ ዘንጉ ብቻ ጀርባው ላይ አረፈ። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። አቧራው ተነሣ። ጥንጓን አንድ የታች ቤት ልጅ አግኝቶ መታት፤ የሚከለክላት ስላልነበረ የኛን ድንበር ተሻገረች። ጥቂቶች እልል አሉ፤ የቀሩት ግን ወደ አቧራው ነበር የሚያዩት።

መጀመሪያ የተነሣው ምስጋናው ነው። በሁለት እግሩ ቆመ። አያ ባዬ ከሩቅ ሁለቱን እግሮቹን ሲያዩ አየኋቸው፤ አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን።

አንተነህ መሬት ላይ እንደተቀመጠ አባቴን አየው።

«ጠላታችንን አስተማርኸው!» አለው። «ጉልበቴን እንዲሰብር! የሺ አይታችኋለች!»

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ከላይ ቤት ጎረምሶች አንዱ «እውነት ነው፣ አያ መኳንንት? ታች ቤትን ስታስተምር ነበር?» አለ።

«ምስጋናውን አስተምሬአለሁ» አለ አባቴ።

ጉርምርምታው ከዋርካው ተነሥቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። «ሸጠን!» ያለም ነበር። ያን ጊዜ አያ ባዬ ዱላቸውን እየተከሉ ወደ ሜዳው ገቡ። ስንጥቁ እንዳያደናቅፋቸው ሰው መንገድ ለቀቀ።

«እኔ ነኝ የለመንሁት» አሉ። «ልጄን አትጫወት አልሁት፤ እምቢ አለኝ። እንግዲያውስ ዱላ ሲመጣበት እግሩን እንዴት እንደሚያተርፍ ይማር አልሁ። ማን ያስተምረው? እኔ አላውቀውም፤ ባውቀው እንዲህ አልሆንም ነበር። የሚያውቅ የሰበረኝ ሰው ነው።»

የላይ ቤት ልጆች ግን አልተመለሱም። የተሸነፉ ናቸው፤ የሚቆጡበት ሰው ይፈልጋሉ። አባቴ ከድንበሩ ላይ የተከላትን የአለቃ ዘንግ ነቅሎ ከመካከላቸው ላንዱ ሰጠ። «ከእንግዲህ ራሳችሁን ምሩ» አላቸውና ወደ ቤት መንገድ ገባ። ያን ያህል ዓመት ያሠለጠናቸው ልጆች አንድም «ቆይ» ያለው የለም።

እኔ ከኋላው ተከተልሁት። ቦዩ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ያየሽውን ነው የነገርሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።» እያለቀስሁ ነበር። «የምትሰብረው እዚህ ላይ ነው ስትለው ሰማሁ።»

«የሚሰብሩህ እዚህ ላይ ነው ብዬው ይሆናል» አለ። ቀጥሎ ራሱን ነቀነቀ። «ወይም እንደሰማሽው ብዬው ይሆናል። አንቺ አልዋሸሽም። ባደባባይ ባስተምረው ኖሮ በጭድ ጥግ አታዪኝም ነበር።»

አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አንተነህ ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። እናቴ ልጇ በሁለት እግሩ ስለቆመ እግዜርን ታመሰግናለች፤ ልጇ ያደረገውን ስታስብ ደግሞ ታለቅሳለች። በአራተኛው ቀን ቅቤ አቅልጣ በቅል አደረገችና «የምስጋናው ጀርባ አብጧል አሉ፤ ውሰዱለት» አለች። «ዱላው ያንተ ነው፤ ቅቤውንም አንተ ያዝ» ብላ ለአንተነህ ሰጠችው። አባቴ ሳይጠራ ተነሥቶ ከፊታችን ሄደ። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ።

አያ ባዬ ቤት ውስጥ ነበሩ። ምስጋናው በደረቱ ተኝቶ ነበር፤ ስንገባ ቀና ሊል ሞክሮ ፊቱ ተጨማደደ። ጀርባው ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ወይን ጠጅ መስመር ወጥቷል። አንተነህ ቅሉን መደቡ ላይ አስቀመጠ፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«ግዴለም፣ ልጄ» አሉት አያ ባዬ። «የገና ነገር ነው። ሳት ይላል።»

«ሳት ብሎኝ አይደለም» አለ አንተነህ። «አስቤ ነው። እግሩን ልሰብረው ነበር።»

ምስጋናው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መምሬ ተገኘ የመታ አይጠየቅ ብለው ነበር፤ ወንድሜን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ አሁን አያ ባዬ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። የተነፈሰው ግን አባቴ ነው።

«እኔም» አለ።

አያ ባዬ ቀና ብለው አዩት።

«ያን ዕለት ሁለት ጊዜ አለፍኸኝ፣ ባዬ። ሰው ሳቀብኝ። ሦስተኛ ስትመጣ ጥንጓን አላየኋትም። ያየሁት እግርህን ነው።» ድምፁ ደረቅ ነበር። «ሽማግሌዎቹ ሳት ብሎት ነው ሲሉ ዝም አልሁ። እስከዛሬ ዝም ብያለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ አያ ባዬ።

«ታውቃለህ?»

«ዓይንህን አይቸው ነበር። ባላውቅማ ልጄን ላንተ እሰጥ ነበር? ሳት ብሎት የመታ ሰው ምን ያስተምራል?»

ከዚያ እኔንና አንተነህን አዩን። «እናንተ ሂዱ» አሉ። «እሱ ይቀመጥ።»

ወጣን። ቦዩን ስንሻገር አንተነህ እጄን ያዘኝ፤ ከዋዜማው ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

አባቴ የመጣው ላሞቹ ከገቡ በኋላ ነው። እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ይቅር አለህ?» አለችው።

«አላለኝም» አለ። ጫማውን አውልቆ አቧራውን አራገፈ። «ሩዜ ገና አልተወቃም፤ ነገ በሬዎችህን ይዘህ ና አለኝ።»

በማግሥቱ ጤዛው ሳይነሣ ሁለቱን በሬዎች ነድቶ ወደ ታች ቤት ወረደ።